ሾፌሩን ባቡሩ ውስጥ ማስቀመጥ፦ ለሞዴል ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ስለመምረጥ

ጎጃም፣ የጁቤ ላይ «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነው። እናቴ «ባቡር ቤት ድረስ» ስትለኝ ጤፉን በአህያ ጭኜ ወረፋ ልይዝ እሄድ ነበር፤ ዱክ ዱክ እያለ ጢሱን የሚተፋው የናፍጣ ሞተር ነበር ባቡራችን። በሐዲድ የሚሄደውን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው። ቢቸናም ብትሄድ፣ ሞጣም ብትሄድ፣ ደብረ ማርቆስም ብትወጣ ያው ነው፤ ጎጃም ላይ ሐዲድ አልተዘረጋም። በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር አልፎ ወደ ወልድያ የሚሻገር መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ካርታ ላይ ተሥሎ ባየሁ ጊዜ ካርታውን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍሁት። ዛሬም እዚያው አለ።

ሐዲድ በሌለበት ያደገ ሰው ሐዲድ ሲናፍቀው ትንሹን ይሠራል። እኔም ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ በሻንጣው ጠቅልሎ ባመጣልኝ አንድ ያገለገለ ሞዴል ሎኮሞቲቭ ጀመርሁ። ሐዲድ መዘርጋቱ፣ ጣቢያ መሥራቱ፣ ተራራውን በወረቀትና በጄሶ ማቆሙ ሁሉ በትዕግሥት የሚገኝ ነው። ራሴን ያዞረው፣ ገንዘቤንም የበላው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የትኛው ዲኮደር ይግባ? ሻጩ ስለ ድምፁና ስለ መብራቱ ያወራል፤ ገዢውም በዚያው ይማረካል። እኔ ግን ከብዙ ድካም በኋላ የያዝሁት አቋም አለኝ። ዲኮደር የሚመረጠው ከሞተሩ ተነስቶ ነው፤ ድምፁና መብራቱ ኋላ የሚመጡ ናቸው። በእኛ አገር አቧራ ደግሞ የምርጫው ቅደም ተከተል ጀርመን ካለው ሰው ይለያል።

«ዲኮደር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዲሽ ጋር የሚገጠመውን ሣጥን ነው። ሥራቸው ይዛመዳል፤ ሁለቱም በምልክት የተቋጠረ መልእክት ይፈታሉ። የሞዴል ባቡሩ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ ሰሌዳ ነው፤ በአንድ ወገን ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ በሌላው ወገን ለሞተሩና ለመብራቱ ያድላል።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የድሮውን አሠራር ማወቅ ይበጃል። በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ ከ0 እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመስኖ ቦይ ማለት ነው፤ ውሃው አንዴ ከተለቀቀ ቦዩ የሚደርስበት መደብ ሁሉ ይጠጣል። ሁለት ሎኮሞቲቭ አንድ ሐዲድ ላይ ካሉ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይቆማሉ። አንዱን ለብቻ ለማቆም ሐዲዱን ቆራርጦ ለየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛው ሥርም የሽቦ ጫካ ይሆናል።

አሁን የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር አስቡት። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ይህ ባቡር ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ባለው የጋራ ክፍል ላይ የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ሽቦ ሥር ይሄዳል። አንዱ ፌርማታ ላይ ሲቆም ሌላው ይነዳል። ሽቦው ያው፣ ቮልቱ ያው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ባቡር ውስጥ እንደ ፍላጎቱ የሚወስድ ሾፌር መኖሩ ነው። ዲኮደር ማለት እንዲህ ነው፦ በሎኮሞቲቩ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሾፌር። ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ከዚያ ላይ ምን ያህል ለሞተሩ እንደሚደርስ የሚወስነው ዲኮደሩ ነው።

ታዲያ ሾፌሩ ትእዛዙን እንዴት ይሰማል? ገበሬ ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ «ቦራ!» ቢል ድምፁን ሁለቱም በሬዎች ይሰሙታል፤ ጠንከር ብሎ የሚስበው ግን ቦራ ነው። ዲጂታሉም በስም ይጠራል። ሐዲዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይገለባበጣል። ግልበጣው አጭር ሆኖ በየአቅጣጫው 58 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሲቆይ «1» ይባላል፤ ረዝሞ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን «0» ይባላል። በእነዚህ ሁለት ፊደላት በመጀመሪያ የሎኮሞቲቩ አድራሻ፣ ቀጥሎ ትእዛዙ፣ በመጨረሻ ከሁለቱ ተሰልቶ የሚወጣ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ማረጋገጫው ካልገጠመ ዲኮደሩ መልእክቱን ይጥለዋል፤ ትእዛዙን የሚልከው መሣሪያ፣ አዛዡ ጣቢያ፣ ደጋግሞ ስለሚልክ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ጉልበቱም ቃሉም በሁለት ሐዲድ ላይ አንድ ላይ መጓዛቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አስትራክ የሚባል መሣሪያ አውጥቶ ነበር። የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1979 ዜሮ 1ን፣ የጀርመኑ ማርክሊን በ1985 የራሱን ዲጂታል ለገበያ አቀረቡ። እያንዳንዱ በየቋንቋው ሲናገር የአንዱ ዲኮደር ለሌላው ጣቢያ ደንቆሮ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከጀርመናዊው በርንት ሌንዝ ሥራ ነው። እርሱ የሠራውን አሠራር መነሻ አድርጎ የአሜሪካ ሞዴል ባቡረኞች ብሔራዊ ማኅበር በ1990ዎቹ ለሁሉም ክፍት የሆነ ደንብ አወጣ፤ ዲሲሲ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ቪየና የተሠራ ዲኮደር ፍሎሪዳ በተሠራ ጣቢያ ይታዘዛል። ማርክሊን ኤምኤፍኤክስ የሚባል የራሱ ቋንቋ አለው፤ ሎኮሞቲቩ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ደስ ይላል። ሆኖም ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ዲሲሲን የማያውቅ ዲኮደር አትግዙ። ነገ መለዋወጫ የምትለምኑት ከአንድ ፋብሪካ ብቻ ይሆናል።

ወደ ሞተሩ እንግባ። የመጀመሪያውን ዲኮደሬን ያቃጠልሁት ራሴ ነኝ። ወንድሜ ያመጣልኝ ሎኮሞቲቭ አሮጌ ነበር። በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከሞተሩ ሁለት ካርቦኖች አንዱ ከብረት አካሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ አካሉ ደግሞ ከአንደኛው ሐዲድ ጋር። በድሮው አሠራር ይህ ሽቦ የሚቆጥብ ብልሃት ነበር። በዲጂታል ግን የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በአካሉ በኩል ዞሮ በዲኮደሩ የሞተር መውጫ ይገባል። እኔ ይህን ሳላጣራ በየድኩት፤ ኤሌክትሪኩን ስለቅቅ አንድ ክር ጢስ ወጣ፣ ጠረኑ ቤቱን ሞላው፣ አለቀ። ጢሱ የወጣ ዲኮደር አይድንም።

ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመገዛቱ በፊት ቴስተር ይነሣ። ሞተሩን ከነበረበት ሽቦ ሁሉ ነጥሎ፣ አንዱን መርፌ ካርቦኑ ላይ፣ ሌላውን አካሉ ላይ፣ ከዚያም በየመንኮራኩሩ ላይ ማስነካት። የትም ቦታ ቴስተሩ ከጮኸ ሥራው ገና ነው። ያ ካርቦን ከአካሉ በፕላስቲክ ወይም በፋይበር መለየት አለበት። ይህ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው የዲኮደሩ ጥያቄ የሚመጣው።

ቀጥሎ አምፔሩ ይለካል። ሞተሩን በ12 ቮልት አስነሥቶ፣ ኤሌክትሪኩ በቴስተሩ በኩል እያለፈ፣ መንኮራኩሩን በጣት ጨብጦ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ማስቆም ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ሞተሩ ይጎዳል። በዚያች ቅጽበት የሚነበበው ትልቁ ቁጥር ነው ዳኛው። የእኔው ሞተር በነጻ ሲሽከረከር 0.2 አምፔር ይበላ ነበር፤ ሳስቆመው 0.7 ደረሰ። በዲኮደሩ ማሸጊያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፦ ያለማቋረጥ የሚችለውና ለቅጽበት የሚችለው። ሻጮች ትልቁን አጉልተው ያሳያሉ። የሚታየው ትንሹ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚችለው ቁጥር ሞተሩ ተይዞ ከሚበላው ማነስ የለበትም። ለኤች ዜሮ፣ ማለትም ለ1 ለ87 ልክ፣ የሚሠሩት አብዛኞቹ ዲኮደሮች 1 አምፔር ገደማ ይችላሉ፤ ለዘመናዊ ሞተር ይበቃል፤ አሮጌ ሞተር ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለትንሹ ኤን ልክ የሚሠሩት ከዚህ ያነሱ ናቸው። ግቢ ውስጥ ለሚዘረጋው ለትልቁ ልክ 3 አምፔርና ከዚያ በላይ ይፈለጋል።

ልክን ካነሣሁ አይቀር፣ የእኛን ባቡር ለሚሠራ ሰው ስሌቱ ራሱ ደስታ ነው። አልፍሬድ ኢልግና ሌዎን ሸፍኔ እ.ኤ.አ. በ1894 ከዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ያገኙበት፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ለለገሃርና ለድሬዳዋ ሞዴል የሚስማማው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። መስመሩ በሙሉ ይሠራ ቢባል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባም ከጅቡቲ ባሕር ከ26 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በተራው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ እቃው በየትም ይገኛል። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር የሆነው የግቢ ሐዲድ በ1 ለ22.5 ልክ ሲታይ አንድ ሜትር ያህል ነው። የጁቤ ላይ ከጓሮው ጌሾ ሥር የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሲያልፍ ማየት የሚቻል ነገር ነው።

የአንድ ሜትር ሐዲድ ሞዴሎችን በብዛት የምናገኘው ከስዊስ ነው። የስዊሱ ሬቲክ ባቡር ስፋቱ እንደ እኛው አንድ ሜትር ስለሆነ፣ የጀርመኑ ቤሞ ፋብሪካ የሚሠራቸው የሬቲክ ሞዴሎች ግርጌ ለእኛ ሊቶሪና፣ ማለትም ሞተሯን በሆዷ ለያዘችው የመንገደኛ ባቡር፣ ይሆናል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጣልያኖች ያመጧቸውን፣ ፊያት የሠራቸውን ሊቶሪናዎች ፎቶግራፍ ዘርግቼ፣ አካሉን ከፕላስቲክ ቆርጬ በስዊስ ግርጌ ላይ አቆምሁት። በዚህ ጊዜ ነው ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው፤ ቦታ። የሊቶሪና ሆድ ጠባብ ነው፤ መስኮቷም ሰፊ ስለሆነ ዲኮደሩ ከታየ ውበቷ ይበላሻል። ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ሳይያዝ ዲኮደር ማዘዝ እግር ሳይለኩ ጫማ ማስመጣት ነው። ውፍረቱ በተለይ ይረሳል። ዙሪያውም ትንሽ ክፍት አየር ይፈልጋል፤ በቴፕ ጥብቅ አድርጎ የተጠቀለለ ዲኮደር ይሞቅና ራሱን ያጠፋል።

ሶኬቱ ነገር ያስመረረው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ከሚባለው ይቀላል። አዲስ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ሶኬቱ አብሮ ይመጣል፤ ዲኮደሩን ከእርሱ ጋር የሚስማማ ማድረግ ብቻ ነው። ባለ 6 ፒኑና ባለ 8 ፒኑ የቆዩት ናቸው። ባለ 21 ፒኑ አንድ ፒን ስለሚጎድለው ተገልብጦ አይገባም፤ ፕላክስ 22 ብዙ መብራት ላለው፣ ኔክስት 18 ቦታ ለጠበበው ይሆናል። ባለ 8 ፒኑን ገልብጦ የሚሰካ ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ሎኮሞቲቩ መብራት አልባ ሆኖ ይሄዳል እንጂ አይቃጠልም። ሶኬት የሌለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ግን ሽቦ ያለው ዲኮደር ተገዝቶ በስታኞ ይበየዳል። የሽቦ ቀለማቱ በደንብ የተወሰኑ ናቸው፦ ቀይና ጥቁር ከሐዲዱ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ፣ ነጭ ለፊት መብራት፣ ቢጫ ለኋላው፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ። ቀይና ብርቱካናማ በማታ መብራት ይመሳሰላሉ፤ ይህን ሥራ በቀን ብርሃን ሥሩት።

አሁን ዲኮደርን ከዲኮደር ወደሚለየው ነገር ደረስን፤ የሞተሩ አያያዝ ነው። ርካሹም ውዱም ባቡሩን ያስሄዳል። ልዩነቱ የሚታየው ከጣቢያ ሲነሣ፣ ዳገት ሲወጣ፣ በኤሊ ርምጃ ሲሄድ ነው። ዲኮደር ለሞተሩ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው በጥቃቅን ምት ነው፤ ምቱ በሰፋ ቁጥር ሞተሩ ይፈጥናል። ምቱ ዘገምተኛ በሆነባቸው የድሮ ዲኮደሮች ሞተሩ እንደ ንብ ይጮኻል፤ በአሁኖቹ በሰከንድ ከ16,000 በላይ ስለሚሆን ጆሮ አይሰማውም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ብልሃት ነው። ሞተር ሲሽከረከር እንደ ብስክሌት ዲናሞ ራሱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጥሩ ዲኮደር ምቱን ለአፍታ ያቋርጥና ሞተሩ የሚያመነጨውን ይለካል፤ ከዚያ ተነሥቶ ትክክለኛ ፍጥነቱን ያውቃል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ይጨምርለታል፣ ቁልቁለት ላይ ይቀንስለታል።

ለእኛ ይህ ጌጥ አይደለም። የጅቡቲው መስመር ከባሕር ወለል ተነሥቶ ደጋ የሚወጣ ነው፤ ሞዴሉም ዳገት የበዛበት ነው። ይህ ለክቶ የማስተካከል ችሎታ የሌለው ዲኮደር ያለው ሎኮሞቲቭ ዳገቱ ግርጌ ላይ ይንገዳገድና ቁልቁለቱ ላይ ይበራል። ያለው ግን ፉርጎዎቹን ይዞ፣ ትንፋሹን አመጣጥኖ፣ ጭነት እንደያዘ እውነተኛ ባቡር ይወጣል። በእጄ ካለፉት መካከል የኦስትሪያው ዚሞና የጀርመኑ ኢኤስዩ በዚህ በኩል ልቤን አሳርፈውታል። ኢኤስዩ ሞተሩን ራሱ ሞክሮ ልኩን የሚያስተካክልበት ዘዴ አለው፤ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌንዝ ቀላልና ጠንካራ ነው። ከአሜሪካ ዲጂትራክስ፣ ኤንሲኢ፣ ቲሲኤስና ሳውንድትራክስ አሉ፤ አሜሪካ ዘመድ ላለው ሰው በቀላሉ ይገኛሉ። ከቻይና የሚመጡ እጅግ ርካሽ ዲኮደሮችም አሉ፤ ለመብራት ብቻ ወይም ለመለማመጃ እይዛቸዋለሁ፣ የምወደውን ሞተር ግን አላምናቸውም። ዋጋው ሲታይ ድምፅ አልባው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር፣ ባለ ድምፁ ከ80 ዶላር ወደ ላይ ነው። በብር ሲመነዘርና መላኪያው ሲጨመር አንድ ስሕተት የወር ደመወዝ ይበላል፤ ስለዚህ ነው ከላይ በቴስተሩ ላይ ያን ያህል የቆየሁት።

ከጀርመኑ ሞዴል ባቡረኛ የምንለይበት ቦታ አቧራው ነው። በበጋ፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ የጁቤ ላይ ጠዋት የተጠረገ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ጣት ያስጽፋል። ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መንኮራኩሩ ሐዲዱን በሚነካበት እንደ መርፌ ጫፍ ባለ ቦታ ነው። አቧራ ሲገባበት ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይቋረጣል። የድሮው ባቡር በዚህ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ዲጂታሉ ግን አእምሮው ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ ድምፅ ካለውም ሞተሩን ከዜሮ ያስነሣል። ሐዲዱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ግዴታ ነው፤ ግን አይበቃም።

መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው። ዲኮደሩ ላይ የሚበየድ፣ ባቡሩ ሲሄድ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ ሲቋረጥ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚያበላ። ትንሽ ሰዓት ይመስላል፤ ሊቶሪና በዚህ ጊዜ ውስጥ ቆሻሻውን ቦታ አልፋ ንጹሑን ሐዲድ ትይዛለች። ለእኛ አገር አንባቢ ያለኝ ብርቱ ምክር ይህ ነው፦ በድምፅና በካፓሲተር መካከል ምረጡ ቢሏችሁ ካፓሲተሩን ምረጡ። ዲኮደሩ ሲገዛ የካፓሲተር መበየጃ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ከሌለው ቢረክስም ይለፋችሁ። ካፓሲተሩ ራሱ የሚችለው ቮልት ከሐዲዱ ቮልት መብለጥ አለበት፤ 16 ቮልት ያለበት ሐዲድ ላይ 16 ቮልት የሚችል ማድረግ ጠርዝ ላይ መቆም ነው፣ 25 ቮልት የሚችለው ይሻላል። ቦታ ከጠበበ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ባለው ፉርጎ ውስጥ ደብቆ በቀጭን ሽቦ ማገናኘት ይቻላል።

የሐዲዱን ኤሌክትሪክ ጨርሶ ትቶ ባትሪና ዋይፋይ ሎኮሞቲቩ ውስጥ የሚያስገባም አለ። ለአቧራው የመጨረሻው መልስ ይህ ነው፤ ለግቢ ባቡር እመርጠዋለሁ። በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ግን ለባትሪው ቦታ አይበቃም።

ስለ ድምፅ ብዙ የሚጻፈው ስለ ጥራቱና ስለ ስፒከሩ ነው። ስፒከሩ ትንሽም ቢሆን በሣጥን ውስጥ ታሽጎ መቀመጥ አለበት፤ ክፍት የሆነ ስፒከር ድምፁን ራሱ ይውጠዋል። የስፒከሩ ኦም ከዲኮደሩ ጋር ካልተስማማ ማጉያው ሊቃጠል ይችላል። ከዚህ በላይ ግን ልቤን የሚነካው ሌላ ነገር ነው። የሚሸጡት ድምፆች የጀርመን፣ የስዊስ፣ የአሜሪካ ሎኮሞቲቮች ናቸው። የእኛዋን ሊቶሪና በስዊስ ሎኮሞቲቭ ጡሩምባ ማስጮህ ለእኔ የሰው ልጅን በሌላ ሰው ስም እንደመጥራት ነው። ኢኤስዩ ሰው የራሱን ቅጂ በኮምፒውተር አዘጋጅቶ ወደ ዲኮደሩ የሚያስገባበት መሣሪያ ይሸጣል፤ ዚሞም እንዲሁ። ስለዚህ ድምፁን ራሳችን መቅዳት እንችላለን። የድሬዳዋው አሮጌ ጣቢያና ጋራዥ እንዳለ ነው፤ በዚያ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች የትኛው ሞተር እንዴት እንደሚያጓራ፣ ጡሩምባው ስንት ጊዜ እንደሚነፋ በጆሯቸው ያውቁታል። ሞተሩ ባይነሣ እንኳ ደወሉ፣ በሩ፣ ፍሬኑ ይቀዳል። ይህ ሥራ ዛሬ ነው የሚሠራው፤ አዛውንቶቹ ካለፉ በኋላ ማን ይነግረናል?

ገንዘብ ለሌለው፣ እጁ ግን ለማይፈራ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በራሱ እጅ መሥራት። ለአዛዡ ጣቢያ ዲሲሲ ኢኤክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በአርዱዊኖ ሜጋና በሞተር ሰሌዳ ላይ ይጫናል፣ በስልክም ይታዘዛል። ለመሠረታዊ ሥራ በብዙ መቶ ዶላር ከሚሸጠው አያንስም፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ የምጠቀመው በእርሱ ነው። ዲኮደሩንም በትንሹ አርዱዊኖ መሥራት ይቻላል። ከሐዲዱ የሚመጣውን ምልክት 6ኤን137 የሚባለው በብርሃን የሚያገናኝ ቺፕ ያነብባል፣ አራት ዳዮዶች ኤሌክትሪኩን ቀጥ ያደርጉታል፣ አንድ የሞተር ቺፕ ሞተሩን ያዛል። በሞተር ቺፑ ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ቲቢ6612 ከ15 ቮልት በላይ አይችልም፤ የዲሲሲ ሐዲድ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ዲአርቪ8871 እስከ 45 ቮልት ስለሚችል ይህ ሥጋት የለበትም። ኤል298 የሚባለው አሮጌ ቺፕ ቮልቱን ይችላል፤ ነገር ግን ግዙፍ ነው፣ ሁለት ቮልት ያህልም ለራሱ ይበላል። እንዲህ ያለው የቤት ሥራ ዲኮደር ሊቶሪና ውስጥ አይገባም፤ የግቢ ባቡር ውስጥ ግን እንደ ልቡ ይቀመጣል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል፤ ስለ ምልክት፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ፕሮግራምም ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም።

ዲኮደሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ወዲያው ዋናው ሐዲድ ላይ ማውጣት አይገባም። ብዙዎቹ አዛዥ ጣቢያዎች ለፕሮግራም የሚሆን የተለየ መውጫ አላቸው፤ በእርሱ የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ የተገደበ ስለሆነ ሾርት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። እዚያ ላይ አስቀምጦ አድራሻውን ማንበብ ነው። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ነው። 3 ብሎ ከመለሰ የሐዲዱም የሞተሩም ሽቦ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ዲኮደር መልስ የሚሰጠው ሞተሩን ለቅጽበት ነቅነቅ አድርጎ ነውና። ካልመለሰ ሳይቃጠል ተደረሰበት።

የዲኮደሩ ጠባይ ሲቪ በሚባሉ ቁጥር ባላቸው ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣል። ሲቪ 2 ሞተሩ የሚነሣበትን፣ ሲቪ 3 የሚፈጥንበትን ቀስታ፣ ሲቪ 4 የሚቆምበትን፣ ሲቪ 5 ከፍተኛውን ፍጥነት ይይዛሉ። በእነዚህ አራቱ ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ መቆየት ያስደስታል። ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ ብዙዎቹ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 ሲጻፍባቸው ከፋብሪካ እንደወጡ ይሆናሉ።

ለሊቶሪናዬ የሰጠኋት አድራሻ 784 ነው፤ የመስመሩ ርዝመት። ከ127 በላይ የሆነ አድራሻ በሲቪ 1 ስለማይገባ በሲቪ 17 እና 18 ይከፈላል። 784 ለ256 ሲካፈል 3 ደርሶ 16 ይተርፋል፤ 3ቱ በ192 ላይ ተደምሮ ሲቪ 17 ላይ 195፣ ሲቪ 18 ላይ 16 ይጻፋል፣ ሲቪ 29 ላይ ደግሞ ረጅም አድራሻ እንድትቀበል 32 ይጨመራል። ጽፌ ጨርሼ ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኋት፤ በስልኬ 784 ብዬ ጠራኋት፤ የፊት መብራቷ በራ፣ ከለገሃር ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ በእርጋታ ወጣች።